መተማመን ርስት ነውን?

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ሀብት የተጻፉትን መጻሕፍት ስትመለከቱ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ስለ መሬት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መሣሪያና ስለ ሠራተኛ ጕልበት ነው። ከነዚህ ሁሉ ሌላ በሚዛን የማይመዘን አንድ ነገር እንዳለ፣ እርሱም ሰው በሰው ላይ የሚጥለው እምነት እንደ ሆነ የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ፤ ስሙንም ማኅበራዊ ካፒታል ብለውታል። በዚህ ጕዳይ ከተጻፉት ውስጥ እጅግ ከተነበቡትና ካከራከሩት አንዱ፣ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ፐትናም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ስለ ኢጣሊያ ያወጡት መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸውም ዓመታት በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ መልካም መጽሐፍ ነው፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ የምነቅፈው ስላለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢጣሊያ መንግሥት በ1970 በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትና አስተዳደር እንዲቋቋም አደረገ። የአስተዳደሩ ቅርጽ በያለበት የተመሳሰለ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ሲከታተሉት ግን ኤሚሊያ ሮማኛን በመሰለው የሰሜን ክፍለ ሀገር ሥራው ሲቃና፣ በደቡብ በአንዳንዱ ክፍለ ሀገር ለተላከ ደብዳቤ እንኳ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ምክንያቱን ሲመረምሩ የሰሜኖቹ ሰዎች የመዘምራን ጓድ፣ የኳስ ቡድንና የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያቋቁሙ፣ ጋዜጣም የሚያነቡ ሆነው ተገኙ፤ የደቡቦቹ ኑሮ ግን በጌታና በአሽከር፣ በደጅ ጠኚና በባለጕዳይ የተሠራ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በ1901 ገደማ ካላብሪያና ኤሚሊያ ሮማኛ በኢንዱስትሪ እምብዛም የማይበላለጡ ሲሆኑ፣ 80 ዓመት ካለፈ በኋላ አንዲቱ ከባለጸጎቹ፣ ሁለተኛይቱ ከድኾቹ መቈጠራቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ እያለኝ አነበብሁ። በአምስተኛው ምዕራፍ ግን ቆምሁ። ደራሲው የልዩነቱን ሥር ሲፈልጉ 900 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የሰሜን ከተሞች በዚያ ዘመን ተማምለው ራሳቸውን ማስተዳደር ስለ ጀመሩ፣ ደቡብ ደግሞ በኖርማኖች ንጉሣዊ አገዛዝ ሥር ስለ ወደቀ ነው ይላሉ። እንግዲያውስ መተማመን ርስት ሆነ ማለት ነው፤ አያቱ የተወለት ይወርሳል፣ ያልተወለት ጢሰኛ ሆኖ ይኖራል። ደራሲው ራሳቸው እንደሚነግሩን ይህን የሰሙ አንድ የደቡብ ሹም ነገሩ ተስፋ አስቈራጭ ነው ብለው ተቃውመዋቸዋል። ከሹም ጋራ መስማማት ልማዴ ባይሆንም በዚህስ ከሹሙ ጋራ ነኝ። ሲድኒ ታሮው የተባሉ ሌላ ምሁርም በ1996፣ ኢጣሊያ በ1861 አንድ ከሆነች ወዲህ ደቡቡ ከሰሜን በመጣ መንግሥት እንዴት እንደ ተገዛ እያስታወሱ፣ መጽሐፉ የመንግሥትን ጥፋት በሕዝቡ ጠባይ ላይ እንዳሳበበ ጽፈዋል።

የኔ ነቀፌታ ግን የሚነሣው ከቤቴ ነው። ደራሲው በስድስተኛው ምዕራፍ፣ እኛ ዕቁብ የምንለው ነገር በብዙ አገር እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳሉ። ያን ሳነብ እኔ ራሴ የነበርሁበት ዕቁብ ትዝ አለኝ። ሠላሳ ሰዎች ነበርን፤ የአንድ አገር ልጆች አልነበርንም፤ ግማሹን በስሙ እንኳ አላውቀውም ነበር። አንዱ ዕጣው በወጣለት በአራተኛው ሳምንት ጠፋ። ዋሱ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዳኛው ፊርማቸው ያለበትን ወረቀት አውጥቶ በፊታቸው አኖረው። እርሳቸውም አልተሟገቱም፤ የሰውየውን ድርሻ በራሳቸው ላይ እየደረቡ ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ጣሉ። አንድም ሰው ገንዘቡን አላጣም።

እንግዲህ አስቡት። እኛ ያመንነው ያን ሰው አልነበረም። ያመንነው ዋሱን፣ ወረቀቱን፣ የጸሐፊውን ደብተርና ለዘገየ የተወሰነውን ቅጣት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ተማክረን የሠራነው እንጂ ከአያት የወረስነው አልነበረም። ፐትናም በስድስተኛው ምዕራፍ ያዩትን ቢያምኑት ኖሮ አምስተኛውን እንዲህ አድርገው ባልጻፉት ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ልብስ ሰፊው ሦስት የስፌት መኪና ገዝተው ሠራተኛ ለመቅጠር አሰቡ። የኛ ዕቁብ ለዚያ አይበቃምና ወደ አንድ የታላላቅ ነጋዴዎች ዕቁብ ሄደው ለመግባት ጠየቁ። «ማን ያውቅዎታል?» አሏቸው። የሚያውቃቸው አልነበረም። የሌላውን ሰው ዕዳ ወራት ሙሉ የከፈለ ታማኝነት ከኛ ዕቁብ ደጃፍ ወጥቶ አንዲት ሳንቲም አላወጣም።

መጽሐፉ ቸል ያለው ይህን አጥር ነው። ማኅበርን ይቈጥራል፤ ማኅበሩ በሩን ለማን እንደሚዘጋ ግን አጥብቆ አይጠይቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን እንመካለን፤ ድሩ የሚያስረው ግን ብዙውን ጊዜ ዝንብን ነው። ማንሰር ኦልሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1982 ባወጡት መጽሐፍ፣ ማኅበራት ለየራሳቸው ጥቅም ብቻ ሲሻሙ የአገር እድገት እንደሚጓተት አስረድተዋል። ስቴፈን ናክና ፊሊፕ ኪፈርም በ1997 የ29 አገሮችን ሁኔታ መርምረው፣ ሰው በጠቅላላው ይታመናል የሚል ሕዝብ ያለበት አገር በሀብት ይበልጥ እንደሚያድግ አገኙ፤ የማኅበር ብዛት ግን ከእድገቱ ጋራ ያን ዐይነት ዝምድና አልታየበትም። መተማመኑም የበረታው የሰው ገቢ እጅግ ባልተራራቀበት፣ የሹማምንትም ዘፈቀደ በሕግ በተገታበት አገር ነበር።

ስለዚህ በየስብሰባው ዕቁባችንና ዕድራችን ይበቁናል እያለ የሚናገር ሰው ስሰማ አዝናለሁ። ዕድር ሬሳ ያነሣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ኀዘንተኛ ያጽናናል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመርካቶ ነጋዴ አይቶት ለማያውቀው የጎንደር ሸማኔ በዱቤ ክር እንዲሰድለት የሚያደርገው ዕድር አይደለም። ለዚያ የሚያስፈልገው በጊዜ የሚፈርድ ዳኛ፣ የማይሰረዝ መዝገብና ዘመድ ሳይጠይቅ የሚያበድር ባንክ ነው።

የፐትናምን መጽሐፍ ያገኘ ወጣት ስድስተኛውን ምዕራፍ ከአምስተኛው አስቀድሞ ቢያነብ ይጠቀማል። ልብስ ሰፊው እስካሁን ያሉት በዚያችው በአንዲቱ መኪናቸው ነው። ድርሻውን እየደረቡ የከፈሉበትን ደብተር ዳኛው ፈርሞ ሰጥቷቸው በሣጥናቸው አኑረውታል፤ ተቀብሎ የሚያነብላቸው አበዳሪ ግን አላገኙም።