ጥቁር ብረት በቼሪ ጣውላ ላይ፦ የጦር መርከብ በጃፓን የእንጨት ህትመት

በጃፓን የእንጨት ህትመት የተሠሩ የጦር መርከብ ሥዕሎች ዓይንን የሚይዙት በመርከቡ ግርማ ምክንያት ነው ተብሎ በብዛት ይታመናል፤ ዋናው ምክንያት ግን በራሱ በህትመቱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ የሠራው ንድፍ በቼሪ ጣውላ ላይ ተገልብጦ ይለጠፍና ቀራጩ መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፈለፍላል፤ ለየቀለሙም የየራሱ ጣውላ ይዘጋጃል፤ አታሚው ደግሞ ባሬን በተባለ፣ በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ መሣሪያ የወረቀቱን ጀርባ እያሸ ቀለሙን ያሳርፋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጠርዙ የጠራ፣ ጥላ የሌለበት ዝርግ ቀለም ነው። ከዚህ ጋር ቦካሺ የሚባል፣ ቀለምን በእርጥብ ጣውላ ላይ ከድምቀት ወደ ፍዘት እያሳሱ የማተም ዘዴ አለ። የእንፋሎት መርከብ ለእነዚህ ሁለት ችሎታዎች የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማል፤ አካሉ ለዝርጉ ጥቁር፣ ጭሱ ለቦካሺ።

የእንፋሎት መርከብ ከመምጣቱ በፊት፣ ሠዓሊው ሆኩሳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሳተመው ታላቁ ማዕበል ውስጥ ጀልባዎቹና ቀዛፊዎቻቸው ለውኃው ያጎነበሱ ናቸው፤ የሥዕሉ ባለቤት ማዕበሉ ነው። በሐምሌ 1853 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ አራት መርከቦችን ይዞ ጃፓን፣ ኡራጋ ደረሰ፤ ከአራቱ ሳስኩዌሃናና ሚሲሲፒ በጎናቸው ባለው መንኮራኩር የሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ። ካዋራባን የተባሉት፣ የሠሪያቸው ስም ሳይጠቀስ በርካሽ የሚሸጡ የዜና ህትመቶች ወሬውን በፍጥነት አዳረሱት። ከዚያ ዘመን በቀረ አንድ ህትመት ላይ የመርከቡ የኋላ ጫፍ የጭራቅ ፊት ሆኖ ይታያል፤ ሠሪው ያየውን ልኬት ከመመዝገብ ይልቅ ሕዝቡ የተሰማውን ፍርሃት ቅርጽ ሰጥቶታል፤ የሥዕሉም ኃይል ከዚህ የመጣ ነው።

የዚህ ጥበብ ብርቱ ምሳሌ የሚገኘው ግን በ1894 እ.ኤ.አ. በጃፓንና በቻይና መካከል በተነሣው ጦርነት ነው። መስከረም 17 ቀን በቢጫ ባሕር የተደረገው ውጊያ በቶኪዮ ለብዙ ህትመቶች ርዕስ ሆነ፤ አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ግን ውጊያውን ሳያዩ ከጋዜጣ ዘገባ ተነሥተው ነበር የሚሠሩት። ህትመቶቹ ድልን የሚያወድሱና ቻይናውያንን በንቀት የሚያሳዩ ነበሩ፤ ሠዓሊው ኮባያሺ ኪዮቺካም (1847–1915 እ.ኤ.አ.) ከዚህ ነውር ነፃ አልነበረም። ሆኖም ሦስት ወረቀቶችን ጎን ለጎን በማጋጠም ስለ ቢጫ ባሕር ውጊያ ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ ከዘመኑ ልማድ ይወጣል። የጃፓን መርከቦች ከላይ፣ በአድማሱ አጠገብ አንሰው ይተኩሳሉ፤ ከእነርሱ በታች የሥዕሉን ሰፊ ክፍል የያዘው የባሕሩ ውስጥ ሲሆን፣ የተመታው የቻይና መርከብና መርከበኞቹ ወደ ጥልቁ ሲሰጥሙ ይታያሉ። ሰማዩን ለማለስለስ ያገለግል የነበረው ቦካሺ እዚህ የውኃውን ጥልቀት ያጨልማል። ድሉን ለማክበር የታተመ ወረቀት የተመልካቹን ዓይን ከአሸናፊዎቹ አውርዶ በሚሞቱት ላይ ያሳርፈዋል፤ ሠዓሊው ይህን አስቦም ይሁን ሳያስብ፣ ሥዕሉ የሚያስተክዝ ውበቱን ያገኘው ከዚህ ቁልቁለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ የዜናውን ሥራ በአብዛኛው ፎቶግራፍ ወሰደው፤ የመርከቦቹም መልክ ይበልጥ በትክክል ይታይ ጀመር። የዚያ ጦርነት ካሜራ የሚያሳየው ግን ከውኃው በላይ ያለውን ብቻ ነበር።