የእንግዳ ብዕር

ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ድሬዳዋ የጻፍኩት የጉዞ ማስታወሻ ታትሞ ወጣ። የት እንደወጣ መናገር ለአንባቢ የሚፈይደው ነገር የለም፤ እንደ ብዙዎቹ የጉዞ ማስታወሻዎቻችን ተነበበ፣ ሁለት ሦስት ወዳጆች «ጥሩ ነው» አሉኝ፣ አለቀ። ድሬዳዋ ግን አላለቀም ነበር። እዚያ ሦስት ሌሊት ያሳደረኝ ጓደኛዬ ጽሑፉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረና ከዳር ከዳሩ እየጻፈበት፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ማመልከቻ መተየብ እንጀራው ነው። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን ዲፕሎማችንን በአንድ ቀን ነው የተቀበልነው፤ እኔ በብዕሬ እኖራለሁ ብዬ አዲስ አበባ ቀረሁ፣ እሱ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት የለም። ሰላምታ እንኳ የለም።

ስለዚህ የዛሬው ሒስ በራሴ ጽሑፍ ላይ ነው። አንባቢ «ይሄ ደግሞ ራስን ማሳያ ሌላ ዘዴ ነው» ቢል አልፈርድበትም። ግን ቀዩ እስክሪብቶ ያረፈባቸው ዓረፍተ ነገሮች የእኔ ብቻ አይደሉም። የጉዞ ማስታወሻ የምንጽፍ ሰዎች አንዳችን ካንዳችን እየተዋስን የምንኖርባቸው ናቸው፤ ከማን እንደጀመሩ እንኳ የሚያስታውስ የለም።

መስመሩ የሚጀምረው ገና ከመግቢያው ነው። «ብቻዬን፣ ማንንም ወደማላውቅበት ከተማ» ብዬ ነበር የከፈትኩት። ዳሩ ላይ «እኔንስ?» ይላል። መልስ የለኝም። ብቻዬን የነበርኩት ከፉሪ እስከ ድሬዳዋ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ባቡር ላይ ብቻ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ጓደኛዬ ሽርጡን እንዳገለደመ ባጃጅ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሄድኩበትን መንገድ የመረጠው እሱ፣ የበላሁትን ፈቲራ የከፈለው እሱ፣ ሰው ሲያጋጥመን «ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው» እያለ ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን እሱ የለም። ያስወጣሁት አውቄ ነው ማለት ይከብደኛል፤ ብቻ ብቸኝነት ለጸሐፊ ያምራል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ያየው ነገር ሁሉ ራሱ ፈልጎ እንዳገኘው ይቆጠርለታል። አስጎብኚ ያለው ሰው ግን የተነገረውን ገልባጭ ነው። እኔ ገልባጭ ነበርኩ፣ የጻፍኩት እንደ አሳሽ ነው።

ቀጥሎ፣ ደንቡ ነውና፣ አንድ አንቀጽ ታሪክ አስገብቻለሁ። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልቻለ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ግርጌ እንደቆመ፣ ከተማዋም በዚሁ ምክንያት እንደተቆረቆረችና መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል እንደነበር። እዚህ ላይ ጓደኛዬ እንደ ትምህርት ቤት አስተማሪ የትክክል ምልክት አድርጎበታል። በስምንቱ ገጽ ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛ ማርክ እሷ ናት፣ እሷም ከመጻሕፍት የተገኘች።

ከዚራን በሁለት ገጽ ጽፌዋለሁ። የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በቀያሽ ገመድ ያሰመሯቸውን ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላቸው አስፋልቱን የሚሸፍን ዛፎች፣ የድሮውን ለገሃር። መጋላ የደረሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጠመዝማዛ፣ ጫጫታ የበዛባት፣ ቀለመ ብዙ።» ዳሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «የተኛኸው መጋላ ነው።» ይህን ሳነብ እንደመሳቅ አደረገኝ፣ ከዚያ ግን አፈርኩ። ሦስት ሌሊት በሙቀቱ ምክንያት ግቢ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎልን፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየሰማን፣ የጓደኛዬ እናት በየመሃሉ እየተነሱ ውኃ እያቀረቡልኝ አድሬያለሁ። ስለዚያ ግቢ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ለምን? ከዚራ ለመግለጽ የተዘጋጀ ቋንቋ አለ፤ ጎዳና፣ ዛፍ፣ ጥላ፣ ትዝታ። ለመጋላ ቋንቋውን ራሴ መሥራት ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ድካም ነው። «ቀለመ ብዙ» ማለት ቀለሞቹን አልቆጠርኳቸውም ማለት ነው።

«የድሬ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው» የሚለው አለ ደግሞ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ተጓዥ ካለ እጁን ያውጣ። የጓደኛዬ ጽሑፍ፦ «የተቀበልኩህ እኔ ነኝ።» አቦ ብሎ አልጨመረበትም እንጂ ድምፁ ይሰማኛል። አንድ ሰው ከደሞዙ ቀንሶ ያደረገልኝን ለሕዝብ በጠቅላላው አስረክቤ፣ ምስጋናውን ከእጁ ወስጄ ለከተማ ሰጥቻለሁ። ከተማ ደግሞ አመሰግናለሁ አይልም፣ ቅር አይለውም፣ ዳር ላይ በቀይ አይጽፍም። ለዚህም ይሆናል ከሰው ይልቅ ከተማ ማመስገን የሚቀናን።

የእንግዳ ብዕር ችግሩ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ በአሚር አሕመድ እንግድነት ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የከተማውን ሰው ክፉኛ አብጠልጥሎታል። በሌላው ጫፍ የእኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ። በ1924 ዓ.ም. በመንግሥት መልእክት ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። መጽሐፉ የክብር እንግዳ መጽሐፍ ነው፤ ርእሱ ራሱ ምስጋና ነው። በርተን ተስተናግዶ ተሳደበ፣ ኅሩይ ተስተናግደው አመሰገኑ። እኔ ግን ኅሩይን ከበርተን ጋር ማስተካከል አይሆንልኝም፤ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እንደሄዱ አንባቢያቸው ያውቃል፣ ምስጋናውን በዚያ መጠን ይመዝነዋል። የእኛ የዛሬዎቹ ምስጋና የከፋው እዚህ ላይ ነው። ምሳውን የበላነው የማን ቤት እንደሆነ ሳንናገር፣ ነፃ ታዛቢ መስለን እናመሰግናለን።

የመጨረሻውን ምልክት ያቆየሁት ስለከበደኝ ነው። ከዚራንና መጋላን ስለሚለየው ደቻቱ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ውኃ የሌለው ወንዝ፤ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት፣ ነጋዴ ጨርቁን የሚዘረጋበት፣ የከተማዋ የሰላም ሜዳ።» ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ጓደኛዬ አስተያየት አልሰጠም። ከሥሩ አስምሮ ቀን ብቻ ጽፏል፦ ሐምሌ 30 ቀን 1998።

ያን ሌሊት በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሰው በተኛበት በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሕይወት አጠፋ። ዜናውን እኔም ያኔ ሰምቻለሁ፤ ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። ታዲያ አሸዋው ላይ ከጓደኛዬ ጋር ቆሜ ሳለ ለምን አልመጣልኝም? አሁን ሳስበው፣ በዚያ ስናልፍ ዝም ብሎ ነበር። ወሬ የማያልቅበት ሰው ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ዝምታውን የሙቀት ድካም መስሎኝ፣ የወንዙን ስፋት በእርምጃ እየቆጠርኩ ነበር። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የእርምጃው ቁጥር አለ። ከቤታቸው የጎደለ ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም፤ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ።

ኮፒው በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። ስልኩን ያነሱት እናቱ ናቸው። «ልጄ፣ ደኅና ገባህ?» አሉኝ፤ ከተመለስኩ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር። ለካ ደኅና ገባሁ ብዬ አልደወልኩም። ከዚያ ጓደኛዬ ስልኩን ተቀበላቸው።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ። ስለ ደቻቱ ያለውን...»

«እሱን በስልክ አይደለም» አለኝ። «ስትመጣ።»

«ስምህን ሳልጠራ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ብጽፍስ?»

ትንሽ ዝም አለ። የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲያጓራ ይሰማኛል። «ጻፍ አቦ» አለኝ፤ «ግን ከመታተሙ በፊት ላክልኝ። ስምንት ገጽ እንዳይሆን እንጂ፣ ወረቀት ተወዷል።»

ይህን ጽሑፍ ማክሰኞ ዕለት ልኬለታለሁ። ሁለት ቃል ሰርዞ፣ የእናቱን ውኃ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር «ይቺ ትቅር» ብሎ ከዳር ጽፎ መልሶልኛል። ትቅር ያለው ትቆይ ይሁን ትውጣ ስላልገባኝ ደውዬ ጠየቅኩት። ትቆይ ነው።