ዘንገናን ዞሬ ፋንግ ደረስኩ

ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ አልፌያለሁ! ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት፣ ከቲሊሊ ወደ ኮሶበር ስንት ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ላይ ተደግፌ እያንቀላፋሁ አልፌያለሁ! (እንጅባራን ነባሩ ሰው ዛሬም ኮሶበር ነው የሚላት።) ያ ሁሉ ውበት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከዛፍ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ወረድኩ። ወርጄም አፌን ያዝኩ።

ዘንገና ሐይቅ ክብ ነው፤ ሰው በገመድ ለክቶ የቆፈረው እስኪመስል ክብ! ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ፣ ውኃው ባንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ምድሩን በርቅሶ የከፈተው ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ ያ ሁሉ ውኃ ድምፅ ሳያሰማ ተኝቷል። በጠዋት ዳር ዳሩን ያዝኩ። ሣሩ ጤዛ ተሸክሞ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው። ዛፉ እስከ ውኃው አፍ ወርዷል። አንዲት ጦጣ ግልገሏን ሆዷ ላይ ለጥፋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትሻገር፣ ጥላዋም እታች ውኃው ላይ አብሯት ተሻገረ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።

በማግስቱ ወደ ፋንግ ፏፏቴ አቀናሁ። መንገዱ ራሱ ሌላ ደስታ ነው፦ የድንች ማሳ፣ ገብስ፣ ቀርከሃ፣ ደግሞም ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ፣ ረድፍ በረድፍ። በፈረስ የመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

«አባቴ፣ ፏፏቴው ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው፣ ልጄ። ጆሮህን ስጠው፣ እሱ ራሱ ይወስድሃል።»

እውነታቸውን ነው! ድምፁ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ዝናብ፣ ቀጥሎ እንደ ብዙ ፈረስ ኮቴ፣ ከዚያ ደረቴ ውስጥ ገብቶ መታኝ። ውኃው ጥቁሩን ገደል ነጭ አድርጎ ይወርዳል፤ ሥሩ ስደርስ ፊቴ በጭጋጉ ረጠበ። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ፣ በድንጋይ ሽበት የለሰለሰ። ይህን ድንጋይ እሳት ነው የወለደው፤ ዘንገናንም የቆፈረው እሳት ነው። አንዱን ውኃ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝቶ፣ ሌላውን ከገደል ያዘልለዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለቱን አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሬን መልክዓ ምድር በመስኮት ማየት አልበቃኝ ብሏል።

ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታና እንዲህ ያለ ነጎድጓድ ጎን ለጎን ያየሁት ሁለቱ በሚገኙበት በአዊ ዞን ብቻ ነው።

ወደ አዊ ለመምጣት ሌላም ምክንያት አለ፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ለፈረሱ ጉግስ የምትመጡ ሁሉ እባካችሁ ሁለት ቀን ጨምሩ። የውኃውን ሙላት የምትሹ ደግሞ በጥቅምት ኑ፤ ወፍራም ጋቢና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ፣ መንገዱንም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።