ኤል ሞሮና መብራቱ

ወደ ኩባዋ ሃቫና ወደብ የሚገባ መርከብ ሁሉ በኤል ሞሮ ሥር ያልፋል። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ባቲስታ አንቶኔሊ የነደፈው ይህ ምሽግ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። አንቶኔሊ ምሽጉ የቆመበትን ዓለት ደልድሎ አላስተካከለውም። ግንቡን የዓለቱን ቅርጽ ተከትሎ አቆመው፤ ድንጋዩ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ከግንባታው እኔ የማደንቀው ይህን ብልሃት ነው።

ምሽጉ ግን አልተደፈረም ማለት አይደለም። በ1762 እንግሊዞች ከግንቡ ሥር ቆፍረው ፈንጂ ቀበሩና በተናደው በኩል ገቡ። የምሽጉ አዛዥ ሉዊስ ደ ቬላስኮ እስከ መጨረሻው ሲዋጋ ቆስሎ ሞተ፤ ጠላቶቹም ሳይቀሩ አከበሩት።

ዛሬ የምናየው የመብራት ማማ የተሠራው በ1840ዎቹ ሲሆን፣ የቆመው ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያየው የምሽጉ ጫፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ ግንብ ሳይሠራ መገኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከፍታውን ዓለቱና ምሽጉ አስቀድመው ሰጥተውታል። መድፍ መርከብን ለማባረር የተጠመደበት ግንብ መርከብን በሰላም ወደ ወደብ የሚመራ ብርሃን ተሸከመ። ለእኔ ከምሽጉ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ዩኔስኮ አሮጌዋን ሃቫናን ከነምሽጎቿ በ1982 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ ተምረዋል። እዚያ ከተማራችሁት መካከል ይህን ማማ ያየ ካለ ያየውን ይጻፍልን።