ጩኸት እንደ ድርሰት፦ «ኒው ዴይ» እና ተመልካቾቹ

ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ሬስሊንግን ከስፖርት ነጥሎ ከቴአትር ወገን አስቀምጦታል። በእሱ ንባብ ተመልካቹ የሚመጣው አሸናፊውን ለመገመት አይደለም፤ ስቃይ፣ ሽንፈትና ፍትሕ ፊት ለፊት ሲገለጡ ለማየት ነው። ንባቡ ዛሬም ይሠራል፤ ግን የባርት ተመልካች ምልክቶችን ያነባል እንጂ ታሪኩን አያርምም። «ኒው ዴይ» የተባለው ቡድን ታሪክ ተመልካቹን ከአንባቢነት ወደ ደራሲነት ያሻግረዋል።

የአሜሪካው የሬስሊንግ ኩባንያ ደብሊው ደብሊው ኢ ተፋላሚዎቹን ኮፊ ኪንግስተንን፣ ቢግ ኢንና ዛቪየር ዉድስን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በአንድ ስም ሲያቀርባቸው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎችን መልክ ሰጣቸው። ሦስቱ ፈገግ እያሉ፣ እያጨበጨቡ፣ ተስፋ እየሰበኩ ወደ ሪንጉ ይገቡ ነበር። ደግ ተብለው ተጽፈዋልና መወደድ ነበረባቸው። ታዳሚው ግን የራሳቸውን የጭብጨባ ምት ወስዶ «ኒው ዴይ አይረባም!» እያለ መለሰላቸው።

ተቃውሞው ሁለት ምንጭ ነበረው። አንደኛው በትእዛዝ የመጣ ደስታን አለመቀበል ነው። ሁለተኛው የከበደ ነው፦ ሦስት ጥቁር ተፋላሚዎች ሲጣመሩ ኩባንያው ያገኘላቸው መልክ ያረጀ የዘር ሥዕል መሆኑ ብዙዎችን አስቆጥቷል።

በሚያዝያ 2015 ኩባንያው እጁን ሰጠ፤ ቡድኑ ወደ ክፉዎች ጎራ ተዛወረ። ወሳኙ ሥራ ግን የራሳቸው የተፋላሚዎቹ ነው። ሰባኪነቱን ትተው ስድቡን ጥሬ ዕቃ አደረጉት። ዉድስ ትሮምቦን ይዞ መጣ፤ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መለያቸው ሆነ፤ ፌዛቸው እየሰፋ ሲሄድ ሊጠላቸው የመጣው ሕዝብ አብሯቸው ይዘምር ጀመር። በነሐሴ 2015 የያዙትን የጥንድ ሻምፒዮንነት ቀበቶ ለ483 ቀናት አላስነጠቁም፤ ይህም «ዴሞሊሽን» የተባለው ጥንድ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስመዘገበውን የ478 ቀናት ክብረ ወሰን ሰብሯል።

የተመልካቹ ደራሲነት ከፍታውን ያየው በ2019 ነው። በየካቲት ተፋላሚው ሙስጠፋ አሊ ሲጎዳ በምትኩ የገባው ኪንግስተን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በፈጀ ተከታታይ ፍልሚያ ሦስት ታዋቂ ተፋላሚዎችን ጣለ። በጋና ተወልዶ፣ በ2008 ብቅ ሲል ጃማይካዊ ተብሎ የቀረበው ይህ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል ለኩባንያው ትልቁ ቀበቶ እንደ ዋና ዕጩ ታይቶ አያውቅም። ደጋፊዎቹ አሁን ይገባዋል አሉ። የኩባንያው ደራሲዎችም ይህን ጥያቄ ራሱን ታሪክ አደረጉት፦ የያኔው የኩባንያው አለቃ ቪንስ ማክማን በሪንጉ ላይ መንገዱን የሚዘጋ ገጸ ባሕርይ ሆነ፤ ቢግ ኢና ዉድስ ደግሞ ተከታታይ ጥንዶችን ረትተው ዕድሉን አስገኙለት። ሚያዝያ 7 ቀን በኒው ጀርሲ ሻምፒዮኑን ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ።

የተመልካቹ ሥልጣን ወሰን የታየው ከ180 ቀናት በኋላ ነው። ተፋላሚው ብሮክ ሌስናር በጥቅምት ወር ቀበቶውን በጥቂት ሰከንዶች ነጠቀው። ሽንፈቱ በራሱ አላስቀየመም፤ ያስቀየመው አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀ ታሪክ ያለ ትግል መዘጋቱና ኪንግስተን ወዲያው ወደ ጥንድ ፍልሚያ መመለሱ ነው። ደጋፊው በር ማስከፈት ችሏል፤ ከገባ በኋላ የሚሆነውን ግን የወሰነው ኩባንያው ነው።

በታኅሣሥ 2024 በአሥረኛ ዓመታቸው በዓል ላይ ኪንግስተንና ዉድስ በ2022 አንገቱን ተሰብሮ ከፍልሚያ የራቀውን ቢግ ኢን አንቀበልህም ብለው አባረሩት። አዳራሹ በቁጣ ጮኸ። ጩኸቱ የ2014ቱን ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ያኔ ታዳሚው የተጻፈለትን ስሜት አልቀበልም አለ፤ አሁን ደራሲዎቹ የጠበቁትን ቁጣ ሰጠ። ቁጣው እውነተኛ የሆነው ግን የሦስቱን ወዳጅነት አሥር ዓመት ሙሉ በዜማና በጭብጨባ የገነባው ታዳሚው ራሱ ስለነበር ነው። የሬስሊንግ ጥናት የጩኸትን መጠን ከመለካት አልፎ፣ ጩኸቱ ለየትኛው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ እንደሆነ መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።