የኮሮና በሽታ ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋልን?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን በተገኘ ጊዜ፣ ከአትላስ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕሙማን ተመደበ። ለነፍሰ ጡሯ ግን ሥጋቱ የራሷ ብቻ ሳይሆን የልጇም ነበር።

ቀደም ብሎ በየካቲት የወጣው የዉሃን ሐኪሞች ጽሑፍ፣ በሽታው ወደ ፅንስ ስለ መተላለፉ ማስረጃ አልተገኘም ይላል። ብዙዎች ይህን «አይተላለፍም» ብለው ተረጐሙት። እኛ በዚህ አንስማማም። እናቶቹ 9 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም በእርግዝና መጨረሻ ወራት የታመሙና በቀዶ ጥገና የወለዱ ናቸው፤ የተመረመሩትም ሕፃናት 6 ናቸው። ማስረጃ ታጣ ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም።

በአንጻሩ፣ ከተወለደ ከቀናት በኋላ ቫይረስ የተገኘበትን ሕፃን ሁሉ «በማኅፀን ተያዘ» ማለትም ስሕተት ነው፤ ከወሊድ በኋላ በትንፋሽ ሊይዘው ይችላልና። ቁርጡን የሚለየው የእንግዴ ልጁ፣ የእንሽርት ውኃውና የሕፃኑ ደም በጊዜው ሲመረመሩ ነው። የፓሪስ ሐኪሞች በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚሁ መንገድ በእንግዴ ልጅ በኩል መተላለፉን በአንድ ሕፃን ላይ አስረድተዋል። በ2014 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመው ሥራም፣ ከታመሙ እናቶች ከተወለዱት 14,271 ሕፃናት ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ 1.8 ያህሉ መሆናቸውን፣ በማኅፀን መያዛቸው የተረጋገጠው ግን 7 ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፣ ይተላለፋል፤ ነገር ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ እናትን በፍርሃት ብቻ ከአራስ ልጇ መለየት አይገባም፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ፣ ጡቷን ትስጠው።