ለጠያቂ ወንድም የተጻፈ ሕይወት፦ የኢማም አል-ገዛሊ «አል-ሙንቂዝ ሚነ አድ-ደላል»

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «አል-ሙንቂዝ»ን የጻፉት ለአንድ የዲን ወንድም ጥያቄ መልስ አድርገው ነው። ይህ የሪሳላ መልክ የተለመደ ስለ ነበር ብዙ አንባቢ ልብ ሳይለው ያልፋል። እኛ ግን የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ነው እንላለን። ተጠይቆ ስለ ራሱ የሚመልስ ሰው ለጠያቂው የሚበጀውን ያህል ብቻ ይናገራል። ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ትውልድ ከተማቸው ስለ ጡስ ሰፊ ወሬ የሚፈልግ ስለዚህ አያገኝም። የሚያገኘው ሙተከሊሞችን፣ ፈላስፎችን፣ ባጢኒያዎችንና ሱፊዎችን በተራ የሚመረምር ሙግት ነው።

ይህን ቅንብር አይተው የታሪኩን እውነተኛነት የተጠራጠሩ የዘመናችን ተመራማሪዎች አሉ። ቅንብሩስ ቀዳሚ አለው፤ በ243 ዓ.ሂ. ያረፉት አል-ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ በ«አል-ወሳያ» መክፈቻ የኡማውን መከፋፈልና የራሳቸውን እውነት ፍለጋ ተርከዋል። አል-ገዛሊም የእርሳቸውን መጻሕፍት ማንበባቸውን አልሸሸጉም። ነገር ግን መልኩን መዋስ ነገሩን ሐሰት አያደርገውም።

የ488 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1095) ረጀብን ክፍል እንመልከት። በባግዳድ 300 ደረሳ የሚያስተምሩት ዓሊም የማስተማር ኒያቸውን ሲመረምሩ ለአላህ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ ክብርና ዝና ነበረበት። ለመሄድና ለመቅረት ስድስት ወር ያህል አመነቱ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ። የሚመጡትን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ሊያስተምሩ ቢሞክሩ ቃል አልወጣቸውም፤ ምግብም አልዋጥ አላቸው፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ። በሐለቃ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ይህን ገጽ ሲያነብ ስለ ሌላ ሰው ብቻ እያነበበ አይደለም። ከዚያም ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው አስወርተው ወደ ሻም ማሰባቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ስሙን ለማሳመር የሚጽፍ ሰው ይህን ዘዴ ምን አስወጣው?

የምንነቅፈው አንድ ስፍራ አለ። በ499 ዓ.ሂ. በነይሳቡር ወደ ማስተማር ሲመለሱ የሱልጣኑን ትእዛዝ፣ የሷሊሖችን ሕልምና በየመቶ ዓመቱ ዲንን የሚያድስ ስለ መላኩ የመጣውን ሐዲስ ይደረድራሉ። ስለ መሄዳቸው ሲጽፉ ነፍሳቸውን እንደዚያ የመረመሩት ሰው ስለ መመለሳቸው ምርመራውን ያሳጥሩታል። ማስረጃው በዝቶ ኑዛዜው ያንሳል።

ሪሳላው አንዳሉስ ሲደርስ ኢብኑ ጡፈይል (በ581 ዓ.ሂ. የሞተው) በ«ሐይ ኢብኑ የቅዟን» መግቢያ በስም ጠቅሶታል፤ አል-ገዛሊ እንደ ሰሚው ይናገራሉ ብሎም ነቅፏቸዋል። ሆኖም የእርሱም መጽሐፍ ለወዳጅ ጥያቄ መልስ ሆኖ ይከፈታል። ፍለጋውን ግን በራሱ ሕይወት ሳይሆን በደሴት ላይ ብቻውን ባደገ ልጅ ተረከው፤ ያ ልጅ ደግሞ ደረሳም፣ ዝናም፣ የሚያስወራው ጉዞም የለውም።